ዜሮና ስድስት ቁጥር

ጥር 6

ለግልብጤ፣ ለወንድሜ፣

ሰላምታዬን እንደ ድሮው ላስረዝመው ብዬ ብዕር ባነሳም አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሳጥኑን ገና አላሸግሁትም። ስለዚህ እንዴት ነህ፣ እማዬ እንዴት ናት፣ ጀርባህስ ተሻለህ ብዬ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ጠይቄሃለሁ። አንተ በሦስት ገጽ መልስልኝ።

እማዬ ሆስፒታል ከገባች እስከ ዛሬ ስላልመጣሁ ይቅርታ። አለቃዬ የመሣሪያችን ሙከራ እስኪያልቅ አንድ ቀን እንኳ አልሰጥም ብሏል፤ እኔ ከሌለሁ ስትሪፑን የሚያትም ሰው የለም። እማዬን በስልክ ሳናግራት «ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ ልጄ አጠገቤ አለ» ትለኛለች። አንተ እዚያ ሆስፒታል ነርስ ባትሆን ኖሮ ግን ሁሉንም ጥዬ መጥቼ ነበር፤ ይህን እወቅልኝ።

ስለ ሽንት ብልቃጦቹ ለጠየቅኸኝ፦ ሰባት ናቸው። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ያላቸው ክፍላችሁ ውስጥ ሞርፊን ለሚወጉት ስድስት በሽተኞች ነው። ቁጥሩን የሚያድሉት የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ናቸው። የማን ቁጥር ስንት እንደሆነ እኔ ማወቅ የለብኝም፤ አንተም እንዳትነግረኝ። ሰባተኛው፣ ዜሮ የተጻፈበት፣ ምንም መድኃኒት የማይወስድ የጤነኛ ሰው ነው። በእኛ ሥራ ልማዱ ናሙና ሰብሳቢው የራሱን መስጠቱ ነውና ዜሮ አንተ ነህ። አትሳቅ።

ምን እንደምሠራበት እማዬ ከጠየቀችህ እንዲህ በላት። ጣት በምታህል ፕላስቲክ ላይ የካርበን ቀለም እናትማለን፤ ስትሪፕ የምንለው እሱን ነው። እዚያ ላይ አንድ ጠብታ ሽንት ጠብ እናደርግና ኤሌክትሪኩን ቀስ በቀስ እየጨመርን እንለቅበታለን። ሞርፊን ካለ በመሣሪያው መስኮት ላይ መስመሩ ተነስቶ ጉብታ ይሠራል፤ ከሌለ ሜዳ ሆኖ ያልፋል። ትልልቆቹ ማሽኖች በሳምንት የሚመልሱትን ይኼኛው አልጋ አጠገብ ሆኖ በአምስት ደቂቃ እንዲመልስ ነው የምንደክመው። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ምን እንደወሰደ፣ የሚወጋ በሽተኛም መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ መኖሩን ቶሎ ለማወቅ ነው።

«ይህ መሣሪያሽ ሕመምን ያያል ወይ?» ብላ ላስጠየቀችኝ አያይም በላት። የሚያየው መድኃኒቱን ብቻ ነው። ሕመሙን እሷ ትንገረን።

መለያ ስትለጥፍ ደግሞ አደራ። ግራ ጫማህን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አድርገህ ትምህርት ቤት በር ላይ ትጠብቀኝ የነበርከውን አልረሳሁትም። ግልብጤ ያስባለህ እኮ እሱ ነው። ስንት ጠዋት ተንበርክኬ ጫማ ቀይሬልሃለሁ፤ ብልቃጥ ግን ከዚህ ሆኜ መቀየር አልችልም።

እህትህ


ጥር 13

እትዬ፣

ሦስት ገጽ አልሞላልሽም፤ የክፍላችን ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ስጽፍበት እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ሰላምታሽ ግን ደርሶኛል፤ ለእማዬም አነበብኩላት።

ሳጥኑን ይዤ መናኸሪያ ስሄድ የአውቶቡሱ ረዳት ምን እንደያዘ ጠየቀኝ። «ሽንት» ስለው ሳቀብኝና «ማር ነው ብትለኝም እኮ አልነካብህም» ብሎ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አስቀመጠው። አንድ ብልቃጥ ጎድሎ ከደረሰሽ ረዳቱ ቀምሶት ነው።

እማዬ ከስድስቱ ውስጥ አለችበት ወይ ብለሽ በስልክ ልታወጣጪኝ የሞከርሽውን አልመልስም። ያወጣሽውን ሕግ ራስሽ አታፍርሺው።

ስለ እሷ እንዳለ ልንገርሽ። ሕመሙ ወደ አጥንቷ ገብቷል። አትደንግጪ፣ ዶክተሩ መጠኑን ከፍ አድርጎላታል። የምወጋት እኔ ነኝ። ለሌሎቹ በሽተኞች ሞርፊን ሲወጣ ሁለት ነርስ ቆሞ አይቶ ይፈርማል። ለእሷ ግን ሲስተር «ልጅ እናቱን ሲወጋ ምስክር ምን ይሠራል» ብለው ለእኔ ትተውልኛል። እማዬ መርፌውን ስታይ ትቀልዳለች፤ «ዕድሜ ልኬን ልብስ ስሰፋ መርፌ ይዤ ኖሬ አሁን ደግሞ መርፌ እኔን ያዘኝ» ትላለች። ከተወጋች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አልቃሽ አለመሆኗን ታውቂያለሽ።

የመሣሪያሽን መልስ ነገርኳት። «ታዲያ መድኃኒቱ አለመኖሩንም ያያል ማለት ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ጎበዝ ልጅ ናት» አለች። አንቺን ነው።

ጀርባዬን ጠይቀሻል። ያን ከባድ ሰውዬ ከወደቀበት ካነሳሁት ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ግን ቆሜ እውላለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ወንድምሽ


ጥር 21

ግልብጤ፣

ሰባቱም ብልቃጦች ደርሰዋል፤ ረዳቱን አታስቀይመው፣ አልቀመሰም።

እንግዲህ ስማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ጠብታ ሳደርግ ሁሉም እንደ ታዘዙ ጉብታቸውን ሠሩ። አራትና አምስትም እንዲሁ። ስድስት ላይ ስደርስ መስመሩ ሜዳ ሆነብኝ። ዜሮው ደግሞ ተነስቶ ጉብ አለ! አዲስ ስትሪፕ ከማሸጊያው አወጣሁ፣ ደገምኩት፤ ያው ነው። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ ካሰብኩ በኋላ ሳቄ መጣ። አንተ ሰውዬ ዛሬም ጫማህን ገልብጠህ ታደርጋለህ! የስድስትን መለያ በራስህ ብልቃጥ፣ የራስህን በስድስት ብልቃጥ ላይ ለጥፈኸዋል።

አይዞህ፣ አልከሰስኩህም። ቀያየርኳቸውና በውጤቱ ወረቀት ግርጌ «የስድስትና የዜሮ መለያ በስህተት ተለዋውጧል፤ ታርሟል» ብዬ ፈረምኩ። አለቃዬ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ስድስት ከስድስት!» ብሎ ሳቀ። ይህን ሰው ሦስት ዓመት አብሬው ስሠራ ሲስቅ ሳየው ሁለተኛዬ ነው።

መጠኗ መጨመሩን የጻፍክበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። ግን እንቅልፍ ከወሰዳት ተመስገን ነው። ሌሊት ስነቃ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዳ እጅ ላይ አይደለችም። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ እንዳትሰቃይ ብቻ። ይህን ነው ከአንተ የምለምነው።

ስለ ጀርባህ «ሌላ ጊዜ» ያልከውን አልወደድኩትም። ተመርመርና በሚቀጥለው ሳጥን ንገረኝ።

እህትህ


ጥር 28

እትዬ፣

የዘገየሁት ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ስለ ቀደድኩት ነው። አራተኛው ያጠረውም ለዚያ ነው፤ ይቅርታ።

መለያውን አርመሽልኛል። እኔ ስለጥፍ ሁለት ጊዜ አይቼ ነበር። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መለያዎቹ ልክ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ውጤቱን አይቶ ምን ይል ነበር? እንዲያው ነው የምጠይቅሽ።

ሁለተኛውን ሳጥን በዚሁ ልኬልሻለሁ። ለዜሮው አሁንም የራሴን ነው የሰጠሁት። የዘበኛውን መውሰድ እችል ነበር።

የእማዬ መጠን እጥፍ ሆኗል። ዶክተሩ አልጋዋ ሥር ቆሞ ካርዷን እያየ «ይህን ሁሉ እየወሰዱ ሕመሙ እንዴት አልታገሠልዎትም?» ይላታል። እሷ «ይሻለኛል፣ ይሻለኛል» ትለዋለች። ዛሬ የትራሷን ጨርቅ ቀየርኩላት፤ ጥጉ በጥርስ ተበልቶ አልቋል።

ጀርባዬ አያመኝም። አሁንስ ጭራሽ አያመኝም።

ወንድምሽ


የካቲት 5

ግልብጤ፣

«መለያዎቹ ልክ ናቸው የሚል ሰው ምን ይል ነበር» ላልከኝ መልሴ ይኸው፦ አብዷል እለው ነበር። በቀን አራት ጊዜ ሞርፊን የሚወጋው በሽተኛ ሜዳ፣ ከአልጋ አልጋ ሲሮጥ የሚውለው ጤነኛ ነርስ ጉብታ? የበሽተኛው ካርድ ላይ እኮ መወጋቱ በሰዓት በሰዓቱ ተጽፏል፤ ፊርማም አለው። ካርዱን ካላመንኩ ምኑን ልመን?

ደግሞ እኮ ደገምከው! አምስቱ ጉብታ፣ ስድስት ሜዳ፣ ዜሮ ጉብታ። አሁንስ አላሳቀኝም። ቀየርኩት፣ «ታርሟል» አልኩ፣ ፈረምኩ። ግን አለቃዬ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ካየ ሰብሳቢው ይቀየር ይላል፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው አልፈልግም። ስለዚህ ባለ ቀለም መለያ ልኬልሃለሁ። ቀዩ የበሽተኞች ነው፣ ነጩ የአንተ። ይህን እንኳ ካዞርክ መጥቼ ጆሮህን ነው የምይዘው።

ሥራው ግን እየሰመረ ነው። አለቃዬ የጥናቱን ጽሑፍ ለማሳተም ተነስቷል፤ ስሜን ከስሙ ቀጥሎ ሊያስገባው ነው። ያንተንም በምስጋናው ገጽ ላይ አስጽፋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ የቀለም ሽታ ሲያጥነኝ ኖሬ አሁን ገና ፍሬ አየሁ። ለእማዬ ንገራት።

የትራሷ ጥግ ተበላ ያልከው ክር የምትበጥስ መስሏት ይሆናል። መቀስ አጠገቧ እያለ በጥርሷ አልነበር የምትበጥሰው? እጇ ሥራ ናፍቆት ነው። ቁራጭ ጨርቅና መርፌ ስጣት።

ጀርባህ ስለዳነ ደስ ብሎኛል። ምን እንደሰጡህ ንገረኝ፤ እኔም ስትሪፕ ሳትም ጎንበስ ብዬ እየዋልኩ ወገቤ ተቆርጧል።

እህትህ


የካቲት 12

እትዬ፣

ቀይና ነጩን መለያ በትክክል ለጥፌያለሁ። ሳጥኑን ስትከፍቺ ግን ስድስት ብልቃጥ ብቻ ነው የምታገኚው። ስድስት ቁጥር አልሰጥም አለ።

ለምን ብለሽ ትቆጪኛለሽ። ለመንኩት፣ ሲስተርም መጥተው ለመኑት። «ያ መሣሪያ የእኔን ምን ያደርግለታል፤ አምስቱ ይበቁታል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በሽተኛ ካልፈቀደ አይገደድም፤ የፈቃድ ወረቀትሽ ላይ ያለው ይኸው ነው።

የእማዬ መጠን ካርዷ ላይ አራት እጥፍ ሆኗል። ጨርቅና መርፌ ሰጥቻት ነበር፤ ጣቷ አልታዘዝ ብሏት መልሳ ሰጠችኝ። ስለ ጽሑፉና ስለ ስምሽ ስነግራት ፊቷ በራ። ይህን ጻፍልኝ ብላኛለች፤ «መርፌው ይሠራልኛል በላት። ለልጄ ይሠራልኛል ብለህ ጻፍላት።» ጽፌ ስጨርስ አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት።

ስለ መድኃኒቴ የጠየቅሽኝን በሌላ ደብዳቤ እመልስልሻለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 17

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

የምቀይረው አጣሁ። አምስቱ ጉብታቸውን ሠሩ፤ ስድስት የለም፤ ዜሮው፣ ነጭ መለያ የለጠፍክበት፣ ብቻውን ጉብ ብሎ ቆመ። መጀመሪያ ራስ ምታት ይዞህ ክኒን ውጠህ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ክኒኑም ጉብታ ይሠራል፤ ግን ቦታው ሌላ ነው፣ ወደ ግራ ነው የሚወጣው። ያንተ በትክክል የሞርፊኑ ቦታ ላይ ነው። ስትሪፑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ የራሴን ሽንት ሞከርኩ። ሜዳ ሆነ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት።

መሣሪያው ልክ ነው። መለያዎቹም መጀመሪያውኑ ልክ ነበሩ። ዜሮ አንተ ነህ።

ስድስት ማን ነው? ቁጥር እንዳትነግረኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ሕጉን አፈርሳለሁ፣ ንገረኝ። ወይም አትንገረኝ። ያለፈውን ደብዳቤህን አሥር ጊዜ አነበብኩት። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ» ብለሃል። ጥር ላይም ይህንኑ ጽፈህልኝ ነበር፤ የጻፍከው ግን ስለ በሽተኛ አልነበረም።

ትናንት ስልክ ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። የክፍሉን ደወልኩ፤ ሲስተር አነሱት። «ለወንድምሽ ምን ልንገርልሽ?» አሉኝ። ሁሉም ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ጋውንህን አስወልቀው ለፖሊስ ይሰጡሃል፤ እማዬም አልጋዋ ላይ ሆና ጩኸቱን ትሰማለች። «ምንም፤ ሰላም ለማለት ነው» አልኳቸውና ዘጋሁት።

አሁን የምልህን አድርግ። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ የእሷን መርፌ እንዳትነካ። አመመኝ በል፣ እጄ ተንቀጠቀጠ በል፤ ለሌላ ነርስ ስጥ። ካርዷ ላይ የተጻፈላት መድኃኒት በሙሉ ይግባላት። ለማንም ምንም አትናገር። አርብ እመጣለሁ፤ አለቃዬ ቢያባርረኝም እመጣለሁ፤ ያኔ እንነጋገራለን።

ይህን ደብዳቤ ረዳቱ በእጅህ ያደርስልሃል። አንብበህ አቃጥለው።


መጋቢት 3

እትዬ፣

አርብ መጣሽ፤ የደረስሽው ግን ለቀብር ነው። አጠገቤ ቆመሽ በጆሮዬ «ቢያንስ የመጨረሻዋን ቀን አረፈች» አልሽኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁልሽ። ሰው ፊት ነበርን፣ አንቺም ወዲያው ተሳፍረሽ ተመለስሽ። ያቺ ራስ መነቅነቅ ግን ውስጤን እየበላችኝ ነውና ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልሱ አዎ ነው። ጀርባዬን የታመምኩ ሰሞን ከአንድ በሽተኛ የተረፈ ግማሽ አምፑል ሞርፊን እጄ ላይ ቀረ። መድፋት ነበረብኝ፤ አልደፋሁትም። ከዚያ በኋላ ሲያምረኝ ከየት ልውሰድ? የሌሎቹ መድኃኒት ሁለት ሰው ይፈርምበታል። ያለ ምስክር የሚወጣው የእማዬ ብቻ ነበር። እሷን የጨው ውሃ ወጋኋት። መጀመሪያ በቀን አንዱን ብቻ ነበር፤ ከአራቱ አንድ ቢጎድል ትችለዋለች ብዬ። ከዚያ ሁለቱን፣ ከዚያ አራቱንም። ዶክተሩ አልቻለችውም እያለ ሲጨምርላት፣ የጨመረው ሁሉ ለእኔ ነበር የሚመጣው። ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ሌላ የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም።

ዜሮውን ለምን የራሴን እንደሰጠሁ ትጠይቂኝ ይሆናል። ዘበኛው ነበረ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ነበረች። ሳጥኑ በመጣ ቁጥር አስቤበታለሁ፤ በመጨረሻ የራሴን እሰጥ ነበር። አፌ ያቃተውን ብልቃጡ ይንገርሽ ብዬ ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ ነገርኩሽ፤ ሁለት ጊዜ አረምሽልኝ። ልወቅስሽ አይደለም፣ አንቺን የምወቅስበት ፊት የለኝም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ያልሽውን አደረግሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ አልኩ፤ እሱስ ውሸት አልነበረም። ተራው ለአንዲት አዲስ ነርስ ደረሰ። ካርዱን አነበበች፣ ካርዱ ላይ ያለውን ያህል ቀዳች፣ ሌላ ነርስ አይታ ፈረመች። እትዬ፣ እኔ ነርስ ነኝ። አራት እጥፍ የሚችለው መድኃኒቱን የለመደ ሰውነት ነው። ሳምንታት ሙሉ ውሃ ሲገባበት የከረመ ሰውነት ያን ያህል በአንድ ጊዜ ሲገባበት መተንፈስ ይረሳል። አንቺ ይህን አታውቂም ነበር፤ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አውቅም ነበር። «ግማሹን ብቻ ስጫት» አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ ተምራ ከወጣች ገና ሦስት ወሯ ነው፣ ልትማር ነው የጠየቀችኝ። ለምን እንደሆነ ብነግራት ሁሉም ይወጣል። «ምንም፣ ዝም ብዬ ነው» አልኳት።

እማዬ መርፌውን በሌላ ሰው እጅ ስታይ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። «አንተ ውጋኝ፤ ያንተው ይሻለኛል» አለች። ልጅቷ ሳቀችና «ልጅዎን እንዴት ቢወዱት ነው» አለቻት። እማዬ አልሳቀችም፤ ዐይን ዐይኔን ነበር የምታየኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ስታውቅ ኖራለች። ውሃ መሆኑን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ብልቃጡን የከለከለችሽም ለዚያ ነበር፤ መሣሪያሽ መድኃኒቱ አለመኖሩን እንደሚያይ ከእኔው አፍ ሰምታለች። ልትሸፍነኝ ብላ ያደረገችው ነው የምትቀይሪውን አሳጥቶሽ ያሳወቀብኝ። እሷ ግን ይህን ሳታውቅ ሄደች።

ክንዴን አስለቀቅኋት። ስምንት ሰዓት ላይ ተወጋች፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሲስተር መጋረጃውን ሳቡት። ካርዷ ላይ የገደላት በሽታው ነው ተብሎ ተጽፏል። አዲሷ ነርስ ግን ካርዱን እያነሳች ስታነበው አያታለሁ፤ መጠኑን በጣቷ እየተከተለች ደጋግማ ታነበዋለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ብልቃጥ አለ። የእኔ ነው። በቁጥር ፋንታ ግልብጤ ብዬ ጽፌበታለሁ። መለያውን እንዳታስተካክዪልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 11

ለወንድሜ፣

ብልቃጡ ደርሷል። እስከ ዛሬ ካየሁት ጉብታ ሁሉ ያንተ ይበልጣል። ግልብጤ ብዬ መዘገብኩት።

«አንቺ አታውቂም ነበር» ብለህ ልታሳርፈኝ ሞክረሃል። አላረፍኩም። ካርዱ ውሸት መሆኑን የደረስኩበት እኔ ነኝ። ደርሼበት እያለሁ በዚያው ደብዳቤ ላይ ካርዷ ላይ ያለው በሙሉ ይግባላት ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሲስተርን ስልክ ላይ ይዤ ሰላም ለማለት ነው ብዬ የዘጋሁትስ? ያን ቀን አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን ዶክተሩ ከትንሹ መጠን ይጀምርላት ነበር። አንተ ታስረህ፣ እሷ ደግሞ መድኃኒቷን አግኝታ ትከርም ነበር። እሷም አንተን ስትሸፍን፣ እኔም አንተን ስሸፍን፣ ለእሷ ያሰበ ሰው ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሁለቱን የውጤት ወረቀቶች አስቀመጥኩለት። «ታርሟል» ያልኩትን በአንድ መስመር ሰርዤ ከጎኑ «መለያዎቹ ልክ ነበሩ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈርሜያለሁ። ረጅም ጊዜ አነበበው። «ታዲያ እኮ መሣሪያው አንድም ጊዜ አልሳተም ማለት ነው!» አለኝ። ደስ ሊለው ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ሥራውን ለቅቄያለሁ።

ለሲስተርም ጽፌላቸዋለሁ፤ ይህኛው ሲደርስህ ያኛው ቀድሞህ ደርሷል። ላስጠነቅቅህም ሆነ ላስመልጥህ አልፈለግሁም። ያቺ አዲሷ ነርስ ያልሠራችውን ተሸክማ እንድትኖር አልፈቅድም። ሊጠይቁህ ሲመጡ አትሽሽ። መድኃኒቱንም በአንድ ጊዜ ልቁረጥ ብለህ እንዳትሞክር፤ ሐኪም ፊት ቀስ ብለህ ነው የምትወጣው። ልጠላህ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ይቅርታውም ገና አልመጣልኝም። እስኪመጣ አልጠብቅም፤ የምትጠየቅበት ቀን ሲቆረጥ መጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ። እኔም የምጠየቀው አለኝ።

እማዬ ጥር ላይ በአንተ በኩል ያስጠየቀችኝ ነገር ነበር፤ መሣሪያሽ ሕመምን ያያል ወይ ብላ። አያይም በላት አልኩህ፣ አንተም ነገርካት። ዛሬ ዕቃዬን ከመሰብሰቤ በፊት የስድስት ቁጥርን መስመር የያዙትን ሁለት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስመለከት ዋልኩ። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው። ያያል። ሁለት ጊዜ አሳይቶኝ ነበር።

እህትህ